የጣቢያው መዝገብ

አንድ ሰው ማታ ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ በባጃጅ ሲሄድ ስልኩ ጠፋበት እንበል። ቦታውን ሀዋሳ አልነው እንጂ ነገሩ በማናቸውም ከተማ የሚሆን ነው። ሰውዬው በማግሥቱ ማለዳ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል። ተረኛው ፖሊስ በትሕትና ተቀብሎ ያዳምጠዋል። የባጃጁን የሰሌዳ ቍጥር ቢጠይቀው አላስታውስም ይለዋል። «እንግዲያው እኛም እንጠያይቃለን፤ ነገ ብቅ ይበሉ» ተብሎ ይሸኛል። በነገታው ሲመለስ የትናንቱ ተረኛ ዕረፍት ወጥቷል። በምትኩ የተቀመጠው ፖሊስ ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም፤ ትናንት የተነገረው ቃል በአየር ላይ ስለ ቀረ ሊያውቅም አይችልም። ሰውዬው ታሪኩን እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። በሦስተኛው ቀን ግን ሦስተኛውን ተረኛ ሳያነጋግር ከበር ተመልሶ ይሄዳል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ጉቦ የተቀበለ የለም። የተሳደበ፣ የገፈተረ፣ በሩን የዘጋም የለም። ከተረኞቹ መካከል በደለኝ ተብሎ የሚከሰስ አንድ ሰው አይገኝም። ይሁን እንጂ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለአንድ ዜጋ ሊሠራለት የሚገባውን ሥራ ሳይሠራለት ቀርቷል፤ ለምን አልሠራህም ተብሎ የሚጠየቅም ሰው የለም። በዛሬው ጽሑፋችን ልንመለከተው የምንፈልገው ይህንኑ ማንም ሳያጠፋ የሚጠፋውን ሥራ ነው።

ስለ ፖሊስ መሥሪያ ቤት አስተዳደር መሻሻል በየጊዜው ብዙ ይነገራል። ተሽከርካሪ አነሰ፣ የመገናኛ ሬዲዮ ጐደለ፣ የአባላቱ ደመወዝ ከኑሮው ጋር አልተመጣጠነም፣ ሥልጠናው አጠረ ይባላል፤ ሁሉም እውነት ነው። ባለፉት ሃያና ሃያ አምስት ዓመታትም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ውጤት ተኮር ምዘና፣ ካይዘን፣ በፖሊስ ዘንድ ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የፖሊስ አገልግሎት የተባሉት የአሠራር ዘዴዎች ተራ በተራ መጥተዋል። እነዚህን ለማቃለል አይደለም የተነሣነው። ከመካከላቸው ጠቃሚ ሥራ የሠሩ አሉ፤ በግድግዳ ላይ ተለጥፈው የቀሩም አሉ። እንደሚመስለን ግን የተጠያቂነት ነገር የሚጀምረው ከኮሚሽነሩ ቢሮ ሳይሆን ከጣቢያው ጠረጴዛ፣ በተረኛው ፊት ከተዘረጋው መዝገብ ነው። ያ መዝገብ በአግባቡ የተጻፈ እንደ ሆነ በላይ ያለው ኃላፊ የሚቈጣጠረው ነገር ያገኛል። ካልተጻፈ ኃላፊው የቱንም ያህል ቅን ሰው ቢሆን የሚቈጣጠረው ወሬን ነው።

አገራችን ወንጀለኛን ስትከታተል የኖረችው ፖሊስ ከመቋቋሙ ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ ነው። አውጫጭኝ በተባለው ልማድ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይደረግ ነበር። ሌባሻይ ደግሞ አንድን ልጅ አደንዛዥ ነገር አጠጥቶ እየተንገዳገደ ከገባበት ቤት ባለቤቱን ሌባ ነህ የማለት ሥራ ነበር፤ ስንት ንጹሕ ሰው በዚያ ልጅ መውደቅ ምክንያት ንብረቱን እንዳጣ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው። ይህ ልማድ ኋላ በመከልከሉ የሚያዝን ያለ አይመስለንም። ሀዋሳ በምትገኝበት በሲዳማ ሕዝብ ዘንድ ሶንጎ የሚባል የሽማግሌዎች ሸንጎ አለ፤ ሸንጎውም የሚመራው ሀላሌ በተባለው የእውነት ሥርዓት ነው። በሶንጎ ፊት የቆመ ሰው ከሰው ቢያመልጥ ከሀላሌ እንደማያመልጥ ስለሚያምን መዋሸት ይከብደዋል።

ከእነዚህ ልማዶች ክፉውም ደጉም የሚሠራው ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ቀበሌ ነው። ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ፣ የማን በሬ በየትኛው ቀን እንደ ጠፋ፣ ማን ምን ብሎ እንደ ማለ የሰፈሩ ሰው በአእምሮው ይዞታል። መዝገቡ የሕዝቡ ትዝታ ነው ለማለት ይቻላል። ዛሬ ግን ሀዋሳ የብዙ መቶ ሺህ ሰው ከተማ ናት። ተከራዩ በየስድስት ወሩ ቤት ይለውጣል፤ ፖሊሱ ከአንዱ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ መርማሪው ለትምህርት ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ከተማ ትዝታ ለማንም አይበቃም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን የአባቶች ተረት ተማሪዎቻችን ለፈተና ያጠኑታል፤ ተረቱ ለጣቢያ ተረኛ የተተረተ ይመስላል።

አቤቱታ የሚለው ቃል ራሱ አቤት ከሚለው ጩኸት የመጣ ነው። በዱሮው ዘመን የተበደለ ሰው በመኰንኑ ደጅ ወይም በንጉሡ መንገድ ላይ ቆሞ አቤት እያለ ይጮኽ ነበር፤ የሰማ ሰው ቢኖር ነገሩ ይታያል፤ የሰማ ባይኖር በማግሥቱም ይጮኻል። ዘመናዊ አስተዳደር የተባለው ነገር በአንድ በኩል ሲታይ ይህን ጩኸት ወደ ወረቀት መለወጥ ነው። በጣቢያው በር ለሦስት ቀን የተመላለሰው የስልኩ ባለቤት ወረቀት ስላልተሰጠው ወደ ጩኸቱ ዘመን ተመልሷል።

የኢትዮጵያ ፖሊስ በዘመናዊ መልክ የተቋቋመው ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፖሊስ አዋጅ ቍጥር 6 ሲሆን፣ ይመራ የነበረውም በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ነበር። መኰንኖቹም በአባዲና የፖሊስ ኮሌጅ ሲሠለጥኑ ቈዩ። ሆኖም ለጽሑፋችን ዋናው ነገር በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የአገሪቱ ፖሊስ ለረጅም ዘመን የሠራው በዚህ ሕግ ነው። ሕጉን ገልጦ የሚያነብ ወጣት የሚደነቅበት ነገር ቢኖር፣ ፖሊስ እንዲጽፍ የሚያዝዘው ቃል ብዛት ነው። ክስ ወይም አቤቱታ በተቻለ መጠን በጽሑፍ ይቅረብ ይላል፤ በቃል የቀረበ እንደ ሆነ ደግሞ የተቀበለው ሹም ጽፎ፣ ለባለጉዳዩ አንብቦለት፣ ቀን አድርጎበት እንዲያስፈርመው በአንቀጽ 14 ያዝዛል። የተጠረጠረ ሰው ወደ መርማሪው የሚጠራው በጽሑፍ መጥሪያ እንዲሆን፣ ቃሉን ለመቀበል ማስፈራራትና መደለል እንዳይፈጸም፣ ምርመራውም ያለ በቂ ምክንያት ሳይዘገይ እንዲያልቅ ደንግጓል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው ቃልም በዚሁ ሕግ ውስጥ አለ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 አጽንቶታል።

ስለዚህ የጐደለን ሕግ ነው የሚሉ ሰዎች አስተያየት ብዙም አያረካንም። ስልኩ የጠፋበት ሰው ያቀረበው አቤቱታ ተጽፎ፣ ተነቦለት፣ ፈርሞበት መሄድ እንደ ነበረበት ሕጉ ከተናገረ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

የ48 ሰዓቱን ነገር ጥቂት እንመልከተው፤ የመዝገብ ጥቅም ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በዚህ ነው። 48 ሰዓት የሚቈጠረው ሰውዬው ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ ነው። እንግዲህ አንድ ወጣት ማክሰኞ ማታ በሁለት ሰዓት ተይዞ መዝገቡ ላይ ረቡዕ ቀን በስምንት ሰዓት እንደ ተያዘ ተደርጎ ቢጻፍ፣ ሕገ መንግሥቱ የሰጠው ሁለት ቀን ያለ ማንም ፈቃድ በአሥራ ስምንት ሰዓት ረዘመ ማለት ነው። ጨርሶ ሳይጻፍ የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ 48ቱ ሰዓት መጀመሪያ የለውም፤ መጀመሪያ የሌለው ነገር መጨረሻ ሊኖረው አይችልም። እናቱ ስንቅ ይዛ በየጣቢያው ስትዞር «እዚህ የለም» ትባላለች። የነገራት ፖሊስ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ መዝገቡን አይቶ ስሙን አጥቶ ይሆናል። ዳኛውም ቢሆን መርማሪው ተጨማሪ የጊዜ ቀጠሮ ሲጠይቅ «ባለፉት ቀናት ምን ሠራህ?» ብሎ የሚጠይቀው የምርመራ መዝገቡን ገልጦ ነው። በመዝገቡ ላይ በየትኛው ቀን የትኛው ምስክር እንደ ተሰማ ካልተጻፈ ዳኛው የመርማሪውን ፊት አይቶ ከመፍረድ ሌላ ምን ምርጫ አለው?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ሥልጣኑን ያላግባብ የሚሠራበትን፣ ከሕግ ውጭ ሰው የሚያስረውን፣ በምርመራ ጊዜ ሰው የሚያሠቃየውን የመንግሥት ሠራተኛ ይቀጣል። የቅጣት ሕግ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። በዚያች ሌሊት ተረኛው ማን ነበር? የማረፊያ ቤቱ ቍልፍ በማን እጅ ነበር? እነዚህን የሚመልሰው የዕለት ሁኔታ መዝገብ ነው። መዝገቡ ባዶ ከሆነ ጥፋተኛው ከንጹሕ ባልደረባው አይለይም፤ ሕዝቡም ሁሉንም በአንድ ዐይን ያያል። በደንብ የሚሠራውን ፖሊስ የሚጎዳው ከሌላው ይልቅ ይህ ነው።

ለሀዋሳ ይህ ነገር የቢሮ ሥራ ብቻ አይደለም። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በሀዋሳ አጠገብ ሎቄ በተባለው ስፍራ ሰልፍ የወጡ ሰዎች በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ተገድለዋል። ከሃያ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ጉዳይ ዛሬ ሲነሣ የሟቾቹ ቍጥር እንኳ አንድ አይደለም። መንግሥት የተናገረው አንድ ነው፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ የመዘገበው ሌላ ነው፤ የአካባቢው ሰው የሚናገረው ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. በከተማዪቱ በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞተዋል፣ ብዙ ቤተ ሰብም ከኖረበት ሰፈር ወጥቷል። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ደግሞ የክልልነት ጥያቄ በጊዜው ሳይመለስ በመቅረቱ በሀዋሳና በዙሪያው ወረዳዎች ሁከት ተነሥቶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ አካባቢውም በኮማንድ ፖስት ሥር ዋለ።

በነዚህ ዓመታት ስለ ሆነው ነገር የፖለቲካውን ፍርድ ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው። የአስተዳደሩ ጥያቄ ግን ቀላልና ደረቅ ነው። በዚያ ቀን የትኛው ኃይል በየትኛው ስፍራ ተሰማራ? ትእዛዙን ማን፣ በስንት ሰዓት ሰጠ? ከመሣሪያ ግምጃ ቤት ስንት ጥይት ወጥቶ ማታ ስንት ተመለሰ? ይህ ሁሉ በየዕለቱ ሊጻፍ የሚገባው የወጪና የገቢ ሒሳብ ነው። ሱቅ ያለው ሰው የስኳሩን ኪሎ ይመዘግባል፤ የጥይት ሒሳብ ከስኳር ሒሳብ ሊያንስ አይገባውም።

በግንቦት ወር 2015 ዓ.ም. ደግሞ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ከሀዋሳ ተጠልፋ ከቀናት በኋላ ስትገኝ አገሩን ያስደነገጠው የጠለፋው ነገር ብቻ አልነበረም። በጠላፊነት የተጠረጠረው ሰው የፖሊስ አባል፣ ያውም ለከተማዪቱ ባለሥልጣን ጠባቂነት የተመደበ መሆኑ መነገሩ ይበልጥ አስደነገጠ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ጠላፊው ጠባይ ነው። እኛ ደግሞ ስለ አለቆቹ እንጠይቃለን። አንድ አባል በሥራ ገበታው ላይ ሳይገኝ ሲቀር የቅርብ አለቃው የሚያውቀው በስንት ሰዓት ውስጥ ነው? ስለ አንድ የፖሊስ አባል የሚቀርብ አቤቱታ የሚጻፈው በየትኛው መዝገብ ነው? ጸሐፊው የተከሳሹ የክፍል ባልደረባ ከሆነስ አቤቱታው ተጽፎ ያድራል?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በሌሎች አገሮችም ብዙ ያደከመ ነው። እንግሊዞች በፈረንጆች አቈጣጠር በ1984 ባወጡት የፖሊስና የማስረጃ ሕግ አንድ ብልሃት አግኝተዋል። በየጣቢያው ቢያንስ የሳጅንነት ማዕረግ ያለው፣ በምርመራው ውስጥ እጁን የማያስገባ አንድ የማረፊያ ቤት ኃላፊ ይመደባል። ሥራው የታሰረውን ሰው ጉዳይ መመርመር አይደለም፤ ስለ ታሰረው ሰው መጻፍ ነው። መቼ ገባ፣ መቼ በላ፣ ሐኪም ጠየቀ ወይ፣ ማን ወስዶ አነጋገረው፣ በስንት ሰዓት መለሰው እያለ ለእያንዳንዱ እስረኛ ለብቻው በተከፈተ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። በእስር መቈየቱ የግድ መሆኑም በመጀመሪያ ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም በየዘጠኝ ሰዓቱ በሌላ መኰንን ይመረመራል። መርማሪው የቱንም ያህል ማዕረጉ ቢበልጥ እስረኛውን ከዚያ ሳጅን እጅ ሳይፈርም አይወስድም። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ አንድ ሰውና አንድ መዝገብ ይበቃል፤ አለቃ የበታቹን ሳጅን ፊርማ እንዲያከብር ማድረግ ግን ከሕንፃው ይልቅ ሳይከብድ አይቀርም።

ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ ከደረሰው እልቂት ተምራ፣ በ2011 በወጣ ሕግ በፖሊስ ላይ የሚቀርብን አቤቱታ የሚመረምር ከፖሊስ ውጭ የሆነ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አቋቁማለች። በእኛም አገር በ1992 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች የሰብአዊ መብት ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ተቋቁመዋል፤ ኮሚሽኑም በሀዋሳ ቅርንጫፍ አለው። እነዚህ የውጭ ተመልካቾች እጅግ ያስፈልጋሉ። ነገር ግን የውጭ ተመልካች ጣቢያ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው መዝገብ አምጡ ብሎ ነው። ባዶ መዝገብ ያገኘ ተመልካች ባዶ ዘገባ ከመጻፍ፣ ወይም በሰሚ ሰሚ ከመመራት በቀር ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል?

በዚህ ጊዜ ከፖሊስ ወገን የሚቀርብልንን መልስ እናውቀዋለን፤ የምናከብረውም መልስ ነው። «ሌባውን እናሳድድ ወይስ ቁጭ ብለን እንጻፍ? በፈረቃ የምንገባው ጥቂት ሰዎች ነን፤ ወረቀቱ የሚመጣው በልመና ነው፤ ባለጉዳዩም ተጽፎ እስኪያልቅ አይታገሥም።» እውነት ነው። ለኮንስታብል የሚከፈለው ደመወዝ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ልጅ ለማስተማር የማይበቃ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚለውን መጥፎ ተረት ከአገራችን አፍ ለማስጣል የሚሻ መንግሥት የደመወዙን ነገር ሳያስብ አይሆንለትም። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ያልተጻፈ ነገር ሦስት ጊዜ ይነገራል፤ ሦስት ተረኞችም ሦስት ጊዜ ይሰሙታል። ጊዜ የሚቈጥበው የቱ እንደ ሆነ የስልኩ ባለቤት ያውቃል።

አቤቱታ ሳይጻፍ የሚቀርበው በድካምና በወረቀት እጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ከዚህ የባሰ ምክንያት አለ፤ የሚነገረው ግን በዝግታ ነው። በየሩብ ዓመቱ ለበላይ የሚቀርበው ዘገባ ወንጀል በዚህን ያህል በመቶ ቀነሰ እንዲል ይፈለጋል። የቀነሰለት ኃላፊ ይመሰገናል፤ የጨመረበት በግምገማ ላይ ይወቀሳል። እንግዲህ ወንጀልን ለመቀነስ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በየሌሊቱ መዞር፣ መብራት የሌለውን መንገድ መጠበቅ፣ የተሰረቀ ዕቃ የሚገዛውን ነጋዴ መከታተል ነው፤ ይህ አድካሚ ነው። ሁለተኛው የመጣውን አቤቱታ አለመጻፍ ነው፤ ይህ ምንም አያደክምም፤ በዘገባው ላይ ግን ሁለቱም አንድ ዐይነት ቍጥር ይሰጣሉ። ይህ የእኛ ብቻ ገመና እንዳይመስል፣ በእንግሊዝ አገር የፖሊስ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ባደረገው ምርመራ ለፖሊስ ከተነገረው ወንጀል 19 በመቶ ያህሉ ሳይመዘገብ እንደሚቀር አስታውቆ ነበር። ብዙ ገንዘብና ብዙ ኮምፒዩተር ያለው ፖሊስ እንኳ ከአምስት አቤቱታ አንዱን ያህል ሳይጽፍ ከቀረ፣ በእኛ አገር የሚቀርበው የመቶኛ ዘገባ በምን ዐይን ሊታይ እንደሚገባው ወጣት ሹሞቻችን ይመርምሩት።

ስለዚህ አንድ ክፍለ ከተማ የተመዘገበ አቤቱታ ስለ በዛበት ብቻ መወቀስ የለበትም እንላለን። በሀዋሳ ስምንት ክፍለ ከተሞች አሉ። ከነዚህ በአንዱ የተመዘገበው ስርቆት ካለፈው ዓመት በእጥፍ ቢጨምር፣ ምናልባት ሌባው በዝቶ ሳይሆን ሕዝቡ በጣቢያው ማመን ጀምሮ ይሆናል። ሊመረመር የሚገባው ምንም የማይመዘገብበት ጣቢያ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ወደ ሀዋሳ ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶችን ስቧል፤ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ፣ በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው የሚከራዩ፣ ከፈረቃ ሲመለሱ በጨለማ የሚሄዱ ናቸው። በእንዲህ ያለ ሰፈር የሴቶች አቤቱታ በዓመት ውስጥ አልቀረበም የሚል ዘገባ ሲመጣ የሚደሰት ሹም ሹመቱን አላወቀውም።

ከነዚህ ልጆች መካከል በአማርኛ አጥርተው የማይናገሩ አሉ። ሌላው የከተማ ነዋሪ ደግሞ ሲዳሙ አፎ አይችልም፤ ወላይትኛ የሚናገረውም ጥቂት አይደለም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ መሆኑ ተገቢ ነው። ነገር ግን አቤቱታ ተጽፎ ለባለቤቱ ይነበብለት የሚለው ሕግ፣ የተያዘም ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ይነገረው የሚለው ሕገ መንግሥት የሚፈጸሙት በጣቢያው ውስጥ የባለጉዳዩን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሲገኝ ነው። ያልገባውን ጽሑፍ የፈረመ ሰው እንዳልፈረመ ይቈጠራል። አባላትን በየጣቢያው የሚመድብ ኃላፊ ማዕረጋቸውን ብቻ ሳይሆን አፋቸውንም ቢመለከት መልካም ይመስለናል።

አሁን ወደ ወጣቶቹ እንመለስ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በፖሊስ መሥሪያ ቤት በሲቪል ሠራተኛነት የሚቀጠር፣ ወይም ከኮሌጅ ወጥቶ ረዳት ኢንስፔክተር የሚሆን ወጣት መዝገብ ቤት ሲመደብ ፊቱ እንደሚጠቍር እናውቃለን። መዝገብ ቤት በአገራችን የቅጣት ቦታ ሆኖ ኖሯል። ከአለቃው የተጣላ፣ ታሞ የተመለሰ፣ ጡረታው የደረሰ ወደዚያ ይሄዳል፤ ጎበዙ ግን ምርመራ ወይም ኦፕሬሽን ይመደባል። ይህ ልማድ መገልበጥ አለበት ብለን እናምናለን። ጎበዙ መዝገብ ቤት ቢመደብ በሦስት ወር ውስጥ የትኛው ጣቢያ እንደሚሠራ፣ የትኛው መርማሪ ፋይል እንደሚያሳድር፣ የትኛው ሰፈር በየትኛው ሌሊት እንደሚዘረፍ ከኮማንደሩ የበለጠ ያውቃል።

ኮምፒዩተር ይገባልና ችግሩ ያልቃል የሚሉም አሉ። ኮምፒዩተር መልካም ነው፤ መግባቱንም እንደግፋለን። ግን በኮምፒዩተሩ የሚጽፈው ያው ተረኛ ነው። በወረቀት ያልጻፈውን በቁልፍ ሰሌዳ ይጽፈዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። እንዲያውም መብራት ሲጠፋ «ሲስተም የለም» የሚል አዲስ መልስ ይጨመርለታል። ከኮምፒዩተሩ በፊት ሊደረግ የሚገባው ትንሽ ነገር አለ፤ ይኸውም አቤት ብሎ የመጣ ሰው ሁሉ ቍጥር፣ ቀን፣ ሰዓትና የተቀባዩ ፖሊስ መለያ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ሳይዝ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ያን ወረቀት የያዘ ሰው በማግሥቱ ሲመጣ ታሪኩን አይጀምርም፤ ቍጥሩን ይናገራል። ተረኛውም ስለማያውቀው ነገር አያፍርም። ቍጥሩ በመዝገብ ላይ ካልተገኘ ደግሞ የተጻፈው መለያ የማን እንደ ሆነ ይታወቃል። መዝገቡም ፈረቃ በተቀየረ ቍጥር በሁለቱ ተረኞች ፊርማ ቢዘጋ፣ በሳምንት አንድ ቀንም የክፍለ ከተማው ኃላፊ ራሱ ገጹን እየገለጠ ቢፈርምበት፣ የተፋቀና የተደለዘ መስመር በቶሎ ይታያል።

አንድ ጉዳይ ቀርቶናል፤ እርሱም የአሮጌው መዝገብ ነው። ሀዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩበት ጊዜ በሐይቁ ዳር የተቈረቈረች ወጣት ከተማ ናት። ዕድሜዋ አጭር ቢሆንም ብዙ አስተዳደር አይታለች። የጠቅላይ ግዛትን፣ የክፍለ ሀገርን ዘመን አልፋ ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆነች። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የተደረገውን ሕዝበ ውሳኔ ተከትሎ በሰኔ ወር የሲዳማ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የዚህ ክልል ዋና ከተማ ሆነች፤ የደቡብ ክልል መንግሥትም እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ድረስ በዚያው ቈይቶ፣ በወሩ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተመሠረቱ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 መሠረት እያንዳንዱ ክልል የራሱን ፖሊስ ያደራጃል። ስለዚህ በአንዲት ከተማ ውስጥ በጥቂት ዓመታት የፖሊሱ ሰሌዳ፣ ማኅተምና አለቃ ተለዋውጧል።

ለምሳሌ በሰኔ 2010 ቤቱ የተዘረፈበት ሰው አመልክቶ የነበረበትን ፋይል ዛሬ ቢፈልግ የማንን በር ያንኳኳል? የከተማውን ፖሊስ መምሪያ፣ የሲዳማን ፖሊስ ኮሚሽን ወይስ ወላይታ ሶዶና ሆሳዕና ድረስ ይሄዳል? መሥሪያ ቤት ለሁለት ሲከፈል ተሽከርካሪና ወንበር የሚቈጥር ኮሚቴ ይቋቋማል፤ የመኪናው ሻንሲ ቍጥር ሳይቀር ተጽፎ ይፈረምበታል። ፋይሎቹም በዚያው ዐይነት ጥንቃቄ በቍጥር ተለይተው፣ የትኛው ለማን እንደ ተላለፈ ዝርዝሩ በጣቢያዎቹ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሊለጠፍ ይገባል። ይህን ለማድረግ የሚቀጠሩ ሁለትና ሦስት የታሪክ ወይም የሕግ ተማሪዎች በክረምት ዕረፍታቸው ሊጨርሱት የሚችሉት ሥራ ነው። የሐይቅ ዳር ርጥበትና ምስጥ ለወረቀት ስለማይራሩ፣ ሥራው ከሚመጣው ዝናብ በፊት ቢጀመር ይሻላል።